የእናቴ ቀይ ቅብ

ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ማህሌት የመመረቂያ ጽሑፏን በፌስታል ጠቅልላ ቤቴ መጣች። ማህሌት እዚሁ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከተማሪዎቼ ሁሉ ደጄን የምትረግጠው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያልፋሉ። ክፉ አስተማሪ ነበረች ይላሉ። እኔም ደግ ነበርኩ ብዬ አልከራከርም።

ከጉና በኩል ብርዱ መውረድ ጀምሯል። ድንች ቀቅዬ፣ አዋዜ ጨምሬ አቀረብኩላት። አልነካችውም። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«ቲቸር፣ አልሆነልኝም» አለችኝ። «አራት ወር ሙሉ ሞከርኩ። ወረቀቱ ላይ ያለውን አንድም ሳላጎድል አደረግኩ። ዱቄቱ ግማሹ ይለወጣል፣ ግማሹ እንዳለ ይቀራል። አማካሪዬ ‹እጅሽ ንጹሕ አይደለም› ይለኛል። በዚህ ወር ካልተስተካከለ ይጥለኛል።»

«የቱ ወረቀት?»

ፎቶ ኮፒውን ከፌስታሉ አውጥታ ሰጠችኝ። መነጽሬን አደረግኩ። ከርዕሱ በታች አንድ ስም ብቻ አለ፤ ዶክተር ይርዳው። ገጹን ገለበጥኩት። እንደ ተራራ ጫፍ ሽቅብ የወጡ መስመሮች ያሉበት ሥዕል አለ። በግራ በኩል፣ ከትልልቆቹ ጫፎች አጠገብ፣ ማንም ልብ የማይላት አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች። ያቺን ጉብታ በራሴ ጉልበት ላይ እንዳለ ጠባሳ አውቃታለሁ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። አንዴ የእኔ ሆና፣ አንዴ የእሱ ሆና።

ማህሌት ምን እንደነካኝ ጠየቀችኝ። «ድንችሽን ብይ» አልኳት።

ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪ ጀምሬ ነበር። ከስድስታችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የምሠራበት ነገር ታይታኒየም ኦክሳይድ የሚባል ነጭ ዱቄት ነው፤ የግድግዳ ቀለም የሚነጣው በእሱ ነው። ስለ ዱቄቱ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ የሆነብኝ ነገር አይገባም።

የዚህ ዱቄት አቶሞች በሁለት ዓይነት አሰላለፍ ሊደረደሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው አናታዝ ይባላል፤ ላላ ያለ ነው። ሁለተኛው ሩታይል ይባላል፤ ጠበቅ ያለ ነው። አናታዙን በኃይል ስታሞቀው ወደ ሩታይል ይዞራል። አንዴ ከዞረ በኋላ ብታቀዘቅዘው አይመለስም። አናታዝ ሆኖ የቆየው ዱቄት በፀሐይ ብርሃን ቆሻሻ ውኃ ለማጣራት ይረዳል፤ ስለዚህ ሙቀት ችሎ እንዲቆይ ይፈለጋል። ይህን ለማድረግ ባዕድ አቶም ይጨመርበታል። ብዙ አይደለም፤ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት። ባዕዱ አቶም ከታይታኒየሙ ቦታ ገብቶ ይቀመጥና የጎረቤቶቹን ሁሉ ነገር ይለውጣል። ዚርኮኒየም ቢገባ፣ ሰፊ ስለሆነ ጎረቤቶቹ እንዳይንቀሳቀሱ ያግዳቸዋል፤ አሰላለፉ ሙቀቱን ይችላል። ብረት ቢገባ ተቃራኒው ይሆናል። ብረት በመጠኑ ለታይታኒየም ይቀርባል፣ ግን እንደ እሱ ብዙ ኦክስጅን መያዝ አይችልም። ስለዚህ በአጠገቡ አንድ የኦክስጅን ቦታ ባዶ ይቀራል። በባዶው ቦታ በኩል ሌሎቹ መንቀሳቀስ ይቀላቸዋል፤ አሰላለፉም ከጊዜው በፊት ይፈርሳል። አንዳንድ አስተማሪዎች ይህንን ስለ ሰው ልጅ ምሳሌ ያደርጉታል። እኔ በሠላሳ ዓመት ማስተማሬ አንድ ቀን አድርጌው አላውቅም። ሰው አቶም አይደለም፤ አቶም የገባበትን አይጠላም።

የኔ ሥራ ዚርኮኒየሙ ነበር። አራት ናሙና አዘጋጀሁ። አንዱ ምንም ያልተጨመረበት፣ ሦስቱ መጠኑ እየጨመረ የሚሄድ ዚርኮኒየም ያለባቸው። ገና እርጥብ፣ እንደ አጥሚት የወፈረ ነገር ነበሩ፤ መድረቅና በሰባት መቶ ዲግሪ አካባቢ መሞቅ ቀርቷቸዋል። በዚያ ሳምንት የላቦራቶሪው ምድጃ ሽቦ ተቃጠለ። መለዋወጫው ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። የአቶሞቹን አሰላለፍ በመስመር ሥዕል የሚያሳየው የኤክስሬይ መሣሪያም አልነበረንም፤ ናሙናዎቹን ወደ አገሩ ይዞልን የሚሄደው እንግዳ ፕሮፌሰር ሊመለስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ዶክተር ይርዳው አማካሪዬ ነበር። መልከ መልካም፣ ነጭ ሸሚዝ የሚወድ፣ ሲናገር ሰው መሰብሰብ የሚወድ ሰው።

«ናሙናሽ ከሰውዬው ሻንጣ ካልገባ ያንቺ ነገር አበቃ» አለኝ በሁሉም ፊት። «ቦታሽን የሚጠብቅ ሞልቷል።»

«ምድጃውስ፣ ዶክተር?»

«እኔ ምድጃ ነኝ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ያን ዕለት መሳቄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ምድጃ የት እንደማገኝ አውቅ ነበር። ለማንም ግን ልናገር አልችልም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ከእብናት ወዲህ፣ አንድ መንደር ግርጌ፣ ከሰው ራቅ ብለን ነበር የምንኖረው። ሰው ባለጅ ይለናል፤ ከኋላችን ደግሞ ቡዳ። ገበያ ላይ እናቴ ከዳር ትቀመጣለች። ገዢው ድስቱን ያነሳል፣ ያንኳኳል፣ ዓይኗን ግን አያይም። እርጉዝ ሴት ካለፈች ሆዷን በነጠላ ትሸፍናለች። እናቴ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ባሕር ዳር ለሚኖር አጎቴ ሰጠችኝና «ከየት ነሽ ሲሉሽ ከእብናት ነኝ በይ፤ ከዚያ ወዲያ ጆሮሽ አይስማ» አለችኝ። እኔም እንደተባልኩት አደረግኩ።

የጥር መጨረሻ ነበር። እርጥቡን ናሙና በአራት ጠርሙስ አሽጌ፣ በባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ከትቼ፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ ተሳፈርኩ። ባሕር ዳር አደርኩ። በማግስቱ በአቧራው መንገድ ደብረ ታቦር ገባሁ። ከዚያ ወደ እብናት በእግር ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ ከኋላዬ ጉና ነጭ ብሎ ይታያል። በጋፋት በኩል ስወጣ፣ ከትናንት ገበያ የምትመለስ፣ አህያ የምትነዳ አንዲት ሴት ተቀላቀለችኝ። ጋፋት ንጉሡ መድፍ ያሠራበት ቦታ ነው። ብረት አቅላጩንና አፈር አቡኪውን በየዘመኑ ይፈልጉታል፤ ሲጨርስ ዓይኑ ክፉ ነው ይሉታል። ይህን ለሴትዮዋ አላልኳትም።

የገብስ ቆሎ በመዳፌ አፈሰሰችልኝ።

«እኔን! በዚህ ብርድ ብቻሽን? ወዴት ነሽ እህቴ?»

የመንደራችንን ስም ነገርኳት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«ዘመድ ልጠይቅ ነው።»

«ደግ። ብቻ ከግርጌው ባለጆች አሉልሽ። ውኃቸውን አትቅመሽ። እንደ አንቺ ያለችውን ቀይ፣ ያማረች ልጅ ይወዳሉ።» ሳቀችና ተጨማሪ ቆሎ አፈሰሰችልኝ። «ብዪ እንጂ! ጥርስ የለሽም?»

በላሁ። ደግ ሴት ነበረች። ክፋት ሁልጊዜ ፊቱን ቋጥሮ ቢመጣ ኖሮ ኑሮዬ ቀላል ይሆን ነበር።

እናቴ ከቤቱ ኋላ ጭቃ ስትረግጥ ደረስኩ። ከጉልበቷ በታች ግራጫ ሆናለች። ስታየኝ አልተጣደፈችም፤ መጀመሪያ እጇን ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ከዚያ ሳመችኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ለልጇ እንኳ።

ጠርሙሶቹን ሳወጣ አየቻቸው። «ነጭ ሽሮ አመጣሽልኝ?»

«እማ፣ የሚበላ አይደለም።»

«ላንቺ እንጀራሽ አይደል?»

ነገሩን እንደቻልኩ አስረዳኋት። በእሳት መሞቅ እንዳለበት፣ ከመጠን በላይ ከሞቀ እንደሚበላሽ፣ ካነሰ እንደማይሆን። መለኪያዬንም አሳየኋት። ቴርሞሜትር አልነበረኝም። ከተጣለ ድስት እጀታ የተቆረጠ አሉሚኒየምና የገበታ ጨው ይዤ ነበር። አሉሚኒየም ስድስት መቶ ስድሳ ላይ ይቀልጣል፤ ጨው ስምንት መቶ ላይ። አሉሚኒየሙ ቀልጦ ጨው ሳይቀልጥ ከቀረ እሳቱ እንደፈለግኩት ሆኗል ማለት ነው።

እናቴ ሁለቱን በእጇ መዘነች። «እጀታው ይቀልጣል፤ ጨውሽ አይቀልጥም» አለች። «አንዴ ያንዱን ቤት ድስት እሳቴ ውስጥ ረስተውብኝ አይቼዋለሁ። ጨውም ወድቆብኝ ያውቃል።» እኔ ሁለት ዓመት መጽሐፍ አገላብጬ የደረስኩበትን እሷ ቆማ ነገረችኝ።

ለናሙናዎቹ አራት ትንንሽ ክዳን ያላቸው ኩባያዎች ሠራችልኝ፤ የሕፃን መዳፍ የሚያህሉ፣ ግድግዳቸው ስስ። ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። ቀን ቀን ድንችና ጎመን እየበላን፣ ማታ እየተጫወትን ሁለት ቀን ሆነ። ያን ያህል ሰላም ከዚያ በኋላ አግኝቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ አራተኛውን ኩባያ በለስላሳ ጠጠር ስታሽ አገኘኋት። ሦስቱ ከፊቷ ተደርድረዋል። ውስጣቸውም ውጫቸውም ቀይ ሆኖ ያበራል።

«እማ፣ ምን አደረግሽ?»

«ቅብ ቀባኋቸው።»

ቀይ ቅብ የምንለው ከወንዙ ዳር የሚቆፈር ቀይ አፈር ነው፤ በውኃ በጥብጠው ያጠሉታል። የሚሸጠውን ድስት ከውጭ ብቻ ይቀቡታል። ውስጡም ጭምር የሚቀባው ለድግስ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለክቡር ሰው የሚሄድ ዕቃ ብቻ ነው። ይህ የእናቴና የእናቷ ሥርዓት ነበር።

«ውስጡን ለምን?» አልኳት።

«ለትልልቅ ሰው የሚሄድ ዕቃ ውስጡ ሻካራ ሆኖ ይሂድ? ምን ይሉሻል? እናቷ እጀ ሻካራ ናት ይበሉሽ?»

አፈሩ ለምን ቀይ እንደሆነ አውቅ ነበር። አፈርን የሚያቀላው ብረት ነው። የኔ ናሙና ገና እርጥብ ነው፤ አሲድም አለበት። ከዚያ ቅብ ላይ ከፈሰሰ ብረቱን እየላሰ ያወጣዋል። ይህን አንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ሌላ አራት ኩባያ ሠርቶ ለማድረቅ ጊዜ ነበር። ይህን ሳልደብቅ ልጻፈው፤ ጊዜ ነበረኝ። «እማ፣ ሌላ ሥሪልኝ፤ ይሄ ያቆሽሽብኛል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

አላልኳትም። አገር ሁሉ እጇን ርኩስ ነው ያላትን ሴት፣ ልጇ ከአዲስ አበባ መጥታ እጅሽ አቆሸሸብኝ ልትላት? ተቀምጣ በጠጠሩ እያሸች ፊቴን ታያለች። ምስጋና ትጠብቃለች።

«ያምራል» አልኳት።

ናሙናዎቹን አፈሰስኩባቸው። ፀሐይ ላይ ደረቁ። በማግስቱ ማለዳ እናቴ ጭድ አነጠፈች፣ ኩባያዎቹን መሐል አድርጋ ዙሪያውን በኩበት ከመረች፣ ከላይ ገለባ አለበሰች። አሉሚኒየሙንና ጨውን በገል ላይ አስቀመጥን። እሳቱ ያለ ነበልባል ነበር የሚነደው፤ ቀስ ብሎ ከውስጥ ይቀላል። እናቴ እየዞረች ታየዋለች፤ አንዴ እዚህ ኩበት ትጨምራለች፣ አንዴ እዚያ አመድ ትከድናለች። እኩለ ቀን ሲሆን «በቃው» አለች። ሲበርድ ከፈትነው። አሉሚኒየሙ እንደ እንባ ተንጠባጥቦ ደርቋል። ጨው እንዳለ ነው።

ክዳኖቹን አነሳሁ። ዱቄቱ ነጭ መሆን ነበረበት። የበሶ ቀለም ነበረው። አራቱም።

«እሰይ፣ አማረ!» አለች እናቴ።

ዱቄቱን ወደ ጠርሙሶቹ መለስኩ። ምናልባት ትንሽ ነው፣ ምናልባት አይታይም አልኩ ለራሴ። አንዱን ባዶ ኩባያ ከነክዳኑ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ናሙናው ከፕሮፌሰሩ ሻንጣ በሰዓቱ ገባ።

ውጤቱ ከሁለት ወር በኋላ በፖስታ መጣ። ዶክተር ይርዳው ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። አራቱም ሩታይል ናቸው። ዚርኮኒየም ኖረ አልኖረ፣ አንድም አናታዝ አልቀረም። በዚያ ሙቀት ይህ ሊሆን አይገባም። ከጎን ደግሞ ያቺ ትንሽ ጉብታ አለች።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«አሸዋ» አልኩት። «ከሸክላው የመጣ።»

«ከየትኛው ሸክላ?»

ነገርኩት። ሁሉንም። ቅቡን፣ አሲዱን፣ ብረቱ እንዴት እንደገባ፣ ከታይታኒየሙ ቦታ ሲቀመጥ ኦክስጅኑ ለምን እንደሚጎድል፣ አሰላለፉ ለምን ከጊዜው በፊት እንደፈረሰ። አሉሚኒየሙንና ጨውንም ጭምር። ውድቀቴን በደንብ ካስረዳሁ ይማረኛል ብዬ ነበር። እሱ አላቋረጠኝም። ማስታወሻ ይዞ ይጽፋል። አንድ ሰው ያን ያህል አድምጦኝ አያውቅም ነበር፤ ደስ አለኝ።

«ኩባያውን ማን ሠራው?» አለ በመጨረሻ።

«እናቴ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ባለጅ ናት?»

ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«አይዞሽ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። በእኔና ባንቺ መሐል ነው።»

ይህንን ያለኝ ማክሰኞ ነበር። ዓርብ፣ የክፍሉ ስብሰባ ላይ፣ ናሙናዬ እንዴት እንደተበላሸ ሲያስረዳ «እቴቴ በሸክላ ሠሪ እናቷ ኩበት ላይ ጠብሳው መጣች» አለ። ከኋላ አንዱ «በቃ፣ አቶሞቹን ቡዳ በልቷቸው ነው!» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ዶክተር ይርዳውም ነጭ ሸሚዙን እየነካካ ፈገግ አለ። ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላ የነበረ የጎጃም ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ምሳ ሰዓት ሲደርስ መጽሐፍ ይዞ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ይሄድ ጀመር። አልሰደበኝም። ሰላምታም አልከለከለኝም። ሳህኑን ብቻ ለየ።

ትምህርቴ በዚያው ተቋረጠ። ጠርሙሶቹን ስጠይቅ «ተጥለዋል» ተባልኩ። ደብረ ታቦር በአስተማሪነት ተመደብኩ።

እዚህ ማንም አያውቀኝም ነበር። ባለቤቴን ያገባሁት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ቤተሰቦቹ የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው። ወላጆችሽስ ሲሉኝ «ሞተዋል» አልኳቸው። አባቴ እውነትም ሞቷል። እናቴ ግን የሰርጌ ዕለት ከዚህ አንድ ቀን በሚያስኬድ ቦታ ጭቃ ትረግጥ ነበር። ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሄጄ ስጠይቃት «ዕቃዎቼ ደረሱ?» ብላኝ ነበር።

«ደረሱ። አልተሰበሩም።»

«ትልልቆቹ ሰዎችስ ምን አሉ?»

«ወደዱት።»

እናቴ ብቻዋን ሞተች። የሰማሁት ከተቀበረች ከወራት በኋላ ነው። ቤቴ ውስጥ ሐዘን መቀመጥ አልቻልኩም፤ ለሞተች ሰው ሁለተኛ አይለቀስም። ለባለቤቴ ጥርሴን አሞኛል ብዬ ሦስት ቀን ተኛሁ።

የዶክተር ይርዳውን ወረቀት ያየሁት ፈተና ለማረም አዲስ አበባ የሄድኩ ጊዜ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ መጽሔቱን ስገልጥ ስሙን አየሁ። ብረት የተጨመረበት ታይታኒየም ኦክሳይድ፣ በሰባት መቶ ዲግሪ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ ሩታይል ሲለወጥ። የብረቱ መጠን በመቶኛ በጥንቃቄ ተጽፏል። ያንን መጠን ማንም ለክቶት አያውቅም፤ ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል። ንጹሕ ኬሚካል ተጠቀምኩ ይላል። ሥዕሉ ላይ ግን፣ ከግራ በኩል፣ የእናቴ አሸዋ ተቀምጧል። ሊያጠፋት አላስተዋላትም፤ ወይም ማን ያውቃታል ብሎ ናቃት። የምታውቃት ሰው አፏን እንደማትከፍት ያውቅ ነበር። ለመናገር መጀመሪያ እናቴ ማን እንደሆነች መናገር ነበረብኝ። እናቴን ደግሞ ገድያታለሁ።

እሱ ከብሮ ጡረታ ወጥቷል አሉ። ዕድሜ ይስጠው፤ ይህን እንዲያነብ።

ይህንን ሁሉ ባለፈው ኅዳር ለማህሌት ነገርኳት። ማንም አልገረፈኝም፤ ያስገደደኝም የለም። እጅሽ ንጹሕ አይደለም መባሏ ነው ያስነሳኝ። ስነግራት ድንቹን መብላት ጀምራ ነበር። «እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች» ስል እጇ ከሳህኑ በላይ ቆመ። ያስተማርኳት፣ የተማረች፣ የምትወደኝ ልጅ ናት። እጇ ቆመ። ከዚያ አፈረችና ትልቅ ድንች አነሳች፣ ሳትላጥ ጎረሰችው። አላዘንኩባትም አልልም።

ከሳጥኔ ሥር ኩባያውን አውጥቼ ሰጠኋት። በማግስቱ እብናት ወርዳ ቀይ አፈር አስቆፍራ መጣች፤ ከኩባያው ቅብ ጋር አስተያየችው። እርጥቡን ናሙና በቅቡ ላይ አድርቃ አሞቀችው። ሙሉ በሙሉ ተለወጠ። ጉብታዋም በቦታዋ ወጣች። ብረቱን ሲለኩት ወረቀቱ ከሚለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አማካሪዋ ከመጣል ተመለሰ። ማህሌት በጽሑፏ ላይ የእናቴን ስም ማስገባት ፈልጋ ነበር፤ ሳይንሳዊ አይደለም ብሎ ሰረዘባት። አሁን እዚያ የተጻፈው «ከአካባቢው የተገኘ ቀይ አፈር» ነው።

ወሬው መቼም አይታሰርም። የሟቹ ባለቤቴ እህት እትዬ ዘነቡ ጎረቤቴ ናት፤ የማርያምን ማኅበር ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ጠጥተናል። በዚህ ወር ጽዋው እኔ ቤት መግባት ነበረበት። ጌሾው ተወቅጧል፤ ብቅሉ ደርቋል። ባለፈው ሐሙስ መጣችና ከበሩ አልገባችም።

«አንቺ እኮ ደክመሻል» አለችኝ። «የዚህ ወር እኛ ጋ ይሁን ተባብለናል። አትልፊ ብለን ነው።»

«እትዬ፣ ጠላው የሚጠመቀው በምንድን ነው?»

«በጋን ነዋ።»

«ጋኑን ማን ሠራው?»

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ወደ ቤቷ ሄደች። ብቅሉ አሁንም ደጄ ላይ ተሰጥቶ ነው፤ ወፍ እየለቀመው ነው፤ አላነሳሁትም።

ማህሌት ኩባያውን ትናንት መለሰችልኝ። ከሳጥኑ ሥር አልመለስኩትም። መስኮቱ ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀመጥኩት። ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡ ያበራል፤ ጠጠሩ የሄደበት መስመር ሁሉ ይታያል። ሻካራ ቦታ ፈልጌ በጣቴ ዳሰስኩት። የለበትም።

የእናቴ ስም ትርንጎ ነበር። ያ «ከአካባቢው የተገኘ» የተባለው አፈር የተገኘው ከእሷ ነው።